በይዞታችሁ ላይ ዒላማ መተኮስ ካማራችሁ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት ላለው ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ ትንሽ መሬት ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ብልጭ ይልበታል። ጠመንጃው ፈቃድ አለው። መሬቱ የራሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጣሳ ደርድሮ ጥቂት ጥይት ቢተኩስ ማን ምን ይለዋል? ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። «እኛ ጋ እኮ በየጓሮው ነው» ይላል ዘመድ።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። የጠመንጃ ፈቃድና የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ተደምረው የመተኮስ ፈቃድ አይሆኑም። አንደኛው መሣሪያውን መያዝ ትችላላችሁ ይላል። ሌላው መሬቱን ማረስ ወይም ቤት መሥራት ትችላላችሁ ይላል። ተኩስን የሚመለከት ቃል ግን ሁለቱም ላይ የለም። እሱን ጠይቃችሁ፣ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛችሁ መውጣት አለባችሁ። ከዚህ በታች ያለው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ከመጠየቅ በፊት ምን እንደሚታይ፣ ከተፈቀደም ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚተኮስ ነው።

ለዘመዳችንም አንድ ነገር እንንገረው። በአሜሪካም ቢሆን «በየጓሮው» የሚባለው እውነት አይደለም። ጠመንጃ በመውደድ የምትታወቀው ቴክሳስ እንኳ ከከተማ ወሰን ውጭ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች 10 ኤከርና ከዚያ በታች በሆነ ቦታ ላይ መተኮስን ካውንቲዎች እንዲከለክሉ በሕግ ፈቅዳለች። 10 ኤከር ማለት ወደ 4 ሄክታር ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ስንቶቻችን ነን 4 ሄክታር ያለን?

1. መጀመሪያ መሬቱ በማን አስተዳደር ሥር እንደሆነ እወቁ

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከለሚ ኩራ ወይም ከኮልፌ ቀራንዮ ጫፍ ላይ ያለ ቦታ በአዲስ አበባ ፖሊስ ሥር ነው። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ኦሮሚያ ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል ወሰን ሲካለል ኮዬ ፈጬን የመሰሉ ሰፈሮች ወደ ኦሮሚያ ገብተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ያቀፈችው የሸገር ከተማ ተመሠረተች። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገጠር ቀበሌ የነበረው መሬታችሁ ዛሬ የከተማ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። የገጠር መሬት ነው ብላችሁ የከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከተኮሳችሁ ጨዋታው ሌላ ነው።

የድሮውን ሰነድ አትመኑ። ቀበሌው ዘንድ ሄዳችሁ «ይህ ቦታ አሁን በየትኛው ወረዳና በየትኛው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ መልስ ነው።

2. መሬቱ ለምን እንደተሰጣችሁ አንብቡ

«የግል መሬት» የምንለው ነገር በእኛ አገር ሕግ የግል ይዞታ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ ያላችሁ የመጠቀም መብት ነው። የመጠቀም መብት ደግሞ ዓላማ አለው።

ከገበሬ በመንደር ውል «የገዛችሁት» የእርሻ መሬት ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ይህ ውል በሕግ ፊት የሚቆም ይዞታ አይሰጣችሁም። ጭራሽ ተኩስ ጨምራችሁበት ወደ ፖሊስ ትኩረት መግባት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የገጠር መሬት አዋጁ (አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው፤ የቀድሞውን 456/1997 ተክቶ የወጣ) ባለይዞታው መሬቱን እንዲጠቀምበትና እንዲንከባከበው ግዴታ ይጥልበታል። ከመንግሥት በኢንቨስትመንት የወሰዳችሁት ከሆነ ውሉን አውጡና «የመሬቱ አገልግሎት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። የወተት ላም እርባታ ወይም የአበባ እርሻ ይላል። የተኩስ ሜዳ አይልም። ከሊዝ ቦታም ጋር ነገሩ ያው ነው። ከገበሬ የተከራያችሁት ከሆነም ለእርሻ ነው የተከራያችሁት፤ ባለይዞታው በጽሑፍ ካልተስማማ አንድ ጥይት አይተኮስበትም።

አንዴ በራስ ጓሮ መተኮስና ጓደኛ እየጠሩ፣ ገንዘብ እየተቀበሉ ማስተኮስ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ንግድ ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የመሬት አገልግሎት ለውጥና የፖሊስ ፈቃድ ሁሉም ይከተላሉ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አይደለም።

3. የጠመንጃ ፈቃዱን እንደ ውል አንብቡት

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከክልከላ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ መያዝ፣ መጠቀም፣ ማዘዋወር፣ ማከማቸት፣ መጠገን፣ መሸጥ አይችልም። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው፤ የክልል ፖሊሶችም ውክልና ተሰጥቷቸው ይሠራሉ። ስለዚህ «አልተከለከለም፣ ስለዚህ ይቻላል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። ጥያቄው «ተፈቅዶልኛል ወይ?» ነው።

ፈቃዳችሁን አውጡና ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር ይገጥማል ወይ? ከአያት የወረደ ምንሽር ያላቸው ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ዝጎ ቁጥሩ አይነበብም፤ ወይም ሲመዘገብ አንድ አሃዝ ተዛብቷል። እሱን ሳታስተካክሉ ስለ ዒላማ አታውሩ። ሁለተኛ፣ ጊዜው አላለፈበትም ወይ? ሦስተኛ፣ ለምን ዓላማ ተሰጠ? ራስንና ንብረትን ለመጠበቅ የተሰጠ ፈቃድ መዝናኛን አይጨምርም። ለጥበቃ ሠራተኛ በድርጅት ስም የወጣ መሣሪያ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። ባለ ድርጅቱ እናንተ ብትሆኑም ጠመንጃው የወጣው ለግቢ ጥበቃ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገራችሁ። ፈቃዱ በስም ነው። «አንድ ጊዜ ልሞክረው» ብሎ ጠመንጃውን የሚቀበላችሁ ጓደኛ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሆነ፣ ቃታውን ሲስብ ያለፈቃድ በመሣሪያ ተጠቅሟል። እናንተም ሰጥታችሁታል። ሙሽራውን፣ የአክስት ልጅን፣ ከዳላስ የመጣውን ዘመድ፣ ማንንም አይለይም። ለልጅ ማስያዝማ ጭራሽ አይታሰብም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 መሠረት አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል።

ጥይትም እንደ መሣሪያው ነው። በፈቃድ የተያዘ፣ በቁጥር የሚታወቅ ነገር ነው። ዒላማ ስትተኩሱ ጥይት ያልቃል፤ ያለቀውን ለመተካት ገበያ ውስጥ ከማንም መግዛት ሌላ ወንጀል ነው። እውነቱን ለመናገር በጓሮ ዒላማ መተኮስ ለብዙ ሰው የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሰው ጥይት የሚይዘው ለክፉ ቀን ነው፤ እናንተ በጣሳ ላይ ልትጨርሱት ነው።

በሠርግ፣ በለቅሶና በጥምቀት ወደ ሰማይ መተኮስን ከዚህ ጋር የሚያነጻጽር አይጠፋም። «እዚያ ሲተኮስ ማን ጠየቀ?» ይላል። ልማድ ነው፤ ፈቃድ ግን አይደለም። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ሰው ላይ ነው።

4. ጎረቤትን ከቢሮው በፊት

ብዙ መመሪያ ቢሮውን ያስቀድማል። እኔ ጎረቤትን አስቀድማለሁ። ምክንያቱም ፖሊስ ማመልከቻችሁን ተቀብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀበሌውን ሊቀመንበርና ሚሊሻውን ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚጠይቁት ጎረቤትን ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ገበሬ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ስለ ስፖርት አያስብም። ሌባ መጣ፣ ታጣቂ ገባ፣ ሰው ሞተ ነው የሚለው። ከብት ይበረግጋል። እናቶች ልጆቻቸውን ይጣራሉ። ሚሊሻው ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። እናንተ ጣሳ እየመታችሁ ነው፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። የታጠቀና የደነገጠ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ አስቡት።

ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱ። መኪና በራቸው ላይ አታቁሙ። ሽማግሌውን «ኦቦ» ብላችሁ በስማቸው ጥሩ፤ ቡና ካቀረቡ ጠጡ፤ ከዚያ ነገሩን በግልጽ ንገሩ። «እንዲህ ያለ ሐሳብ አለኝ፣ ፖሊስ ከፈቀደልኝ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቅጣጫ ነው። እናንተን ይረብሻል ወይ?» በሉ። አማርኛ የማይመቻቸው ከሆነ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «አይሆንም» ካሉ እዚያው ላይ ይብቃ። ጎረቤት ያልፈለገውን ተኩስ ፖሊስ ቢፈቅድ እንኳ ኑሯችሁ አይሰምርም።

ሕጉም ከጎረቤት ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚያስቸግር ወይም የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በስም ተጠቅሰዋል። የጠመንጃ ድምፅ አጠገቡ ላለ ሰው ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮን ለዘለቄታው የሚጎዳ መጠን ነው። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያልፋል ለማለት ዳኛ ብዙ አይቸገርም።

የገበያ ቀንን ጠይቁ። በገበያ ቀን ሰው ዋናውን መንገድ ትቶ በእርሻ መሐል ያቋርጣል፤ መሬታችሁ የአቋራጭ መንገድ መሆኑን የምታውቁት ያን ቀን ነው። እሁድ ጠዋትን፣ የዓርብ ጁምዓ ሰዓትን፣ የለቅሶ ቤት ያለበትን ሳምንትም ተዉት።

5. ቦታውን ራሳችሁ መዝኑት

ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ከሕጉ ይልቅ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ወደ 715 ሜትር ይበራል። 50 ሜትር ላይ ያለ ዒላማ ጋ ለመድረስ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይፈጅበትም። ካልቆመ ደግሞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። «ትንሽ ናት» የምትባለው ባለ 22 ካሊበር ጥይት እንኳ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። የሽጉጥም እንዲሁ። እኛ ያለንበት ከፍታ ነገሩን ያባብሰዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ጥይትን ብዙ አይዘውም። መጽሐፍ ላይ ያለው ርቀት እኛ ጋ ይረዝማል።

አሁን ከመሬታችሁ ላይ ቁሙና ልትተኩሱበት ወዳሰባችሁት አቅጣጫ 2 ኪሎ ሜትር ተመልከቱ። ጎጆ አለ? የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ያብረቀርቃል? ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ የአስፋልት መንገድ አለ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ባዶ 2 ኪሎ ሜትር ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ ጥይቱን የሚያቆመው ርቀት ሊሆን አይችልም። አፈር መሆን አለበት።

ጥይት የሚያቆመው አፈር ደግሞ ማንኛውም አፈር አይደለም። ሰዎች በዚህ ሲሳሳቱ የማያቸውን ቦታዎች ልዘርዝር።

የድንጋይ ካባ። ይህ የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ሰው የተተወ ካባ ያይና «ግድግዳው ከፍ ያለ፣ ሰው የሌለበት፣ ለዚህ የተሠራ» ይላል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ፊቱ በፍንዳታ የተሰበረ፣ በየአቅጣጫው የተሳለ። ጥይት ሲመታው አይቀበርም። ይነጥራል፣ ይሰነጠቃል፤ የእርሳሱና የመዳቡ ስብርባሪ ከድንጋይ ፍንጣሪ ጋር ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ወዴት እንደሚመለስም አይታወቅም። ካባ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ የሚፈልጡ ልጆችና የዝናብ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች አይጠፉም።

የባሕር ዛፍ ደን። ከሩቅ ሲያዩት ግድግዳ ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት በግንዶቹ መካከል ክፍት ነው። ጥይት ግንድ ገጭቶ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ሳይገጭም ያልፋል። ውስጡ ቅጠል የሚጠርጉና ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ሱሉልታ ድረስ ይህ የየቀኑ ኑሮ ነው።

መረሬ መሬት። ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ ጥይት ይውጣል። በጋ ላይ ግን ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል፤ ዝቅ ብላ የመጣች ጥይት ከላዩ ላይ ትነጥራለች። የኩሬና የወንዝ ውሃም እንዲሁ ጥይት ያነጥራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያምንም።

የሚሆነው ምንድን ነው? ተፈጥሯዊ የሆነ ቁልቁለት፣ ወይም በሎደር የተቆለለና በደንብ የተጠቀጠቀ፣ ፊት ለፊቱ ድንጋዩ የተለቀመለት የአፈር ክምር። ቁመቱ የሰው ቁመት እጥፍ ቢበልጥ፣ ስፋቱም ከዒላማው ግራና ቀኝ ብዙ ቢያልፍ ጥሩ ነው። ዒላማው ክምሩ ሥር ይቀመጥ እንጂ አናቱ ላይ አይሁን። ዒላማችሁን ያለፈች እያንዳንዷ ጥይት አፈር ውስጥ መግባቷን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ። ተኳሹ ቆሞ ሲያነጣጥር ከክምሩ በላይ ሰማይ የሚታየው ከሆነና እጁ ትንሽ ከፍ ቢል ሰማዩን የሚመታ ከሆነ ክምሩ አጥሯል።

ርቀቱን አታርዝሙ። በዓለም አቀፍ ውድድር እንኳ የሽጉጥ ዒላማ 25 ሜትር፣ የአነስተኛ ጠመንጃ ደግሞ 50 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ጀብድ ነው። ዒላማው በካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሁን። ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ የበሬ ራስ ቅል፣ የብረት ሰሌዳና ድንጋይ አይሁን።

ከአንዳንድ ቦታዎች ራቁ። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦች ናቸው፤ በጥይት ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነውና በተፋሰሳቸው አጠገብ የተኩስ ቦታ አይታሰብም። የመናገሻ ሱባ ደንና ዙሪያው የምኒልክ ድኩላ መኖሪያ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለፈቃድ ማደንን ያስቀጣል፤ ጠመንጃ ይዞ ደን ዳር የተገኘ ሰው ደግሞ «ዒላማ ላይ ነበርኩ» ቢል ማን ያምነዋል? ከወታደራዊ ካምፕ፣ በተለይ ከቢሾፍቱ አየር ኃይል ዙሪያ፣ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርና ከባቡር ሐዲድም ራቁ።

6. ማመልከቻው

እዚህ ስትደርሱ መሬቱ ይሆናል፣ ጎረቤት ተስማምቷል፣ ቦታው ተመዝኗል እንበል። አሁን ጻፉ።

በኦሮሚያ ሥር ከሆናችሁ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አስጽፉ፤ የሥራ ቋንቋው ነውና በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር በትርጉም አይጓተትባችሁ። በአዲስ አበባ ሥር ከሆነ በአማርኛ። ለወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አድርሱ፤ ግልባጩን ለቀበሌው አስተዳደርና ለፀጥታ ጽሕፈት ቤቱ ስጡ።

የሚያያዙት እነዚህ ናቸው፦ የመታወቂያ ኮፒ፣ የመሣሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውልና የባለይዞታው ስምምነት፣ የጎረቤቶች የፈረሙበት ወረቀት፣ በእጅም ቢሆን የተሳለ የቦታው ንድፍ። ንድፉ ላይ ተኳሹ የሚቆምበት፣ ዒላማው፣ የአፈሩ ክምርና ቅርብ ያለው ቤት ከነርቀቱ ይኑር። ማመልከቻው ውስጥ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የሚተኮሰውን የጥይት ብዛትና ማን እንደሚተኩስ ጻፉ። «አልፎ አልፎ ለመዝናናት» የሚል ክፍት ጥያቄ አታቅርቡ። ክፍት ጥያቄ ላይ ማንም ኃላፊ አይፈርምም፤ ልክ ነው።

መዝገብ ቤት ስትሰጡ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስደርጉ። ያ ቁጥር ከሌለ ከሁለት ሳምንት በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር አልመጣም» ይባላል።

የቃል ፈቃድ አትቀበሉ። «ችግር የለም፣ ተኩስ» ያለ ኃላፊ ነገ ይዛወራል። ለዚህ ተብሎ የሚሰጥ ጉርሻም የለም፤ ከሰጣችሁ ሕጋዊ ልትሆኑ ሄዳችሁ ወንጀለኛ ሆናችሁ ተመለሳችሁ።

ብዙ ጊዜ መልሱ «አይሆንም» እንደሚሆን ከአሁኑ ልንገራችሁ። የፀጥታው ሁኔታ ባልተረጋጋበት አካባቢ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወይም የኮማንድ ፖስት ትእዛዝ ባለበት ጊዜ፣ ለመዝናኛ ተኩስ ፈቃድ ቢከለከል ማንም አይገረምም። ዝምታ ከሆነ መልሱም ያው ነው፤ ዝም አሉኝ ብሎ መተኮስ አይቻልም።

7. ከቤት እስከ ቦታው

ከተፈቀደ ዋናውን ፈቃድ ይዛችሁ ውጡ፣ ኮፒው በቂ አይደለም። መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ፣ የጥይት ካዝናው የወለቀ፣ በሽፋን ውስጥ የተደረገ ይሁን። ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። ኬላ ላይ ሲያስቆሟችሁ እጃችሁ ወደ ጠመንጃው ከመሄዱ በፊት አፋችሁ ይናገር፦ «ፈቃድ ያለው መሣሪያ ኋላ ወንበር ላይ አለኝ፣ ወረቀቱ ይኸው።» ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ይዞ መግባትን እርሱት። በእሬቻና በጥምቀት ሰሞን፣ ትልቅ ስብሰባም ባለበት ሳምንት አትንቀሳቀሱ።

8. የተኩሱ ቀን

ጠዋት ለሚሊሻው አዛዥና ለፖሊስ ደውላችሁ «ዛሬ ነው፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት» በሉ። ቀይ ጨርቅ በሁለቱም የመሬታችሁ ጫፍ ስቀሉ። ጨርቁ ብቻውን አይበቃም፤ ፊሽካ የያዘ ሰው ከፍታ ላይ ይቁም። የዚህ ሰው ሥራ እረኛ ማየት ነው።

እረኛ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሽ ቀን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁልጊዜ ሜዳው ላይ አለ። ተኩስ ሲሰማ ደግሞ አይሸሽም፤ ለማየት ይቀርባል። በቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ያያል። ቀለህ ለመልቀምም ይሽቀዳደማል። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም መሣሪያ ወዲያው ይራገፍ፣ አፈሙዙ ወደ ክምሩ እንደዞረ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ልጁ በሰው እጅ እስኪሸኝ ድረስ አይነካ።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይተኩስ። የቀረው ከኋላው ይቁም። ጣት ወደ ቃታ የሚገባው ዓይን ዒላማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። የባረቀ ጥይት ታሪክ ስትሰሙ ሁልጊዜ የሚጨመርላት አንድ ቃል አለች፦ «ባዶ መስሎኝ»። ስለዚህ ባዶ ነው ብሎ የሚያቀብላችሁን ሰው አትመኑት፤ ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። የጆሮ መከላከያና መነጽር አድርጉ። የጠጣ ሰው አይምጣ፤ ጠላም ጠጅም ቢራም ያው ናቸው። እሩምታ የለም።

ሲያልቅ ቀለሁን በሙሉ ልቀሙ፤ ማመልከቻው ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር ይግጠም። ያልፈነዳች ጥይት ካለች ለይታችሁ ለፖሊስ አስረክቡ። ልጆች እጅ የምትገባ ጥይት እሳት ውስጥ ትጣላለች።

9. ሰው ወይም ከብት ቢጎዳ

ቆስሎ ያለውን ሰው አንሱ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ፣ ለፖሊስ ራሳችሁ ደውሉ። ቦታውን አትነካኩ፤ ጠመንጃውን አራግፋችሁ ባለበት ተዉት። መሸሽ ቸልተኝነቱን ሌላ ነገር ያስመስለዋል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በቸልተኝነት አካል ማጉደልንም አንቀጽ 559 ይመለከተዋል። ይህ ገና የተኩሱ ፈቃድ ያለው ሰው ጣጣ ነው። ፈቃድ ከሌለው የመሣሪያ አዋጁ ቅጣት ይጨመርበታል። ከዚያ ደግሞ በፍትሐ ብሔር የካሳ ክስ አለ። የሞተው የአንድ ገበሬ በሬ ቢሆን እንኳ በእርሻ ወቅት የበሬ ዋጋ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ ያልታረሰው መሬትም ይቆጠራል። ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ቢወርድ ጥሩ ነው፤ የሞት ጉዳይን ግን ዕርቅ ከዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ አያነሳውም።

10. ካልተፈቀደ

ማነጣጠር ነው ወይስ ባሩድ ማሽተት ነው የናፈቃችሁ? ማነጣጠር ከሆነ ቀስት አለ። በቤት ውስጥ ውድድር የቀስት ዒላማ 18 ሜትር፣ በሜዳ ደግሞ 70 ሜትር ነው። የጎረቤት ከብት አያስበረግግም፤ ዒላማውንም ከጤፍ ገለባ ጠቅጥቃችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቀስትም ግን ሰው ይገድላል፤ ከኋላው አፈር፣ ከጎኑ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የአየር ጠመንጃ የምታስቡ ደግሞ «መጫወቻ ነው» ብላችሁ በሻንጣ አታምጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን ጽፋችሁ ለፖሊስና ለጉምሩክ አቅርቡ፤ መልሱን በወረቀት ከያዛችሁ በኋላ እዘዙ። ማነጣጠሪያ መነጽርም ቢሆን እንዲሁ።